ቤት ከመሠራቱ በፊት ደንቡ ይሠራ

ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ ዋጋውን ብቻ ጠይቆ አይመለስም። ጨርቅ ሲሆን ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ፣ እህል ሲሆን ነቀዝ ገብቶበት እንደሆነ፣ የጭነት መኪና ሲሆን በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ነዳጅ እንደሚፈጅ ሳይመረምር ገንዘቡን ከኪሱ አያወጣም። ይህ ጠንቃቃ ሰው ግን በዕድሜው ውስጥ ትልቁን ገንዘብ የሚያወጣበትን ነገር፣ ማለትም ሱቁን፣ መጋዘኑንና መኖሪያ ቤቱን በሚሠራበት ጊዜ፣ ጥያቄው ሁሉ «ስንት ቆርቆሮ፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ፣ ስንት ፌሮ ይፈጃል?» በሚለው ላይ ያበቃል። ቤቱ ከቆመ በኋላ በየወሩ ምን ያህል እንደሚያስወጣ፣ በበጋ ሙቀቱ በውስጡ ያለውን ዕቃ ምን እንደሚያደርገው፣ ነፋስና ጎርፍ ቢመጣ ስንት ዘመን እንደሚቆይ የሚጠይቅ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ቤቱ በሚሠራበት ቀን የተቆጠበው ገንዘብ፣ ቤቱ በቆመበት ዘመን ሁሉ ቀስ በቀስ ተመልሶ ሲወጣ ይኖራል።

ይህ ነገር ለጋሞ ዞን ከተሞች ሁሉ የሚገባ ቢሆንም በተለይ እንደ ካምባ ላሉት ትንንሽ ከተሞች ጊዜ የማይሰጥ ጉዳይ ሆኗል። ካምባ ከአርባ ምንጭ በስተ ምዕራብ ከተራራው ማዶ የምትገኝ፣ ወረዳዋም ከደጋው አንሥቶ እስከ ቆላው የሚዘልቅ፣ የሁለቱም ምርት የሚገናኝባት የገበያ ቦታ ናት። እንደ ሌሎቹ የአገራችን ትንንሽ ከተሞች ሁሉ እርሷም ከጭቃና ከዕንጨት ቤት ወደ ብሎኬትና ወደ ኮንክሪት ቤት በመሸጋገር ላይ ናት። በከተማይቱ ውስጥ በሚመጡት ሠላሳ ዓመታት ከሚኖሩት ሕንፃዎች ውስጥ አብዛኞቹ ገና አልተሠሩም። ይህ ድህነት ሊመስል ይችላል፤ በእውነቱ ግን ትልቅ ዕድል ነው። የተሠራውን ማፍረስ ለሀብታም አገር እንኳ ይከብዳል፤ ያልተሠራውን አስተካክሎ መሥራት ግን ለድሀውም ይቻለዋል።

ስለ ሕንፃ ሥራ በአገራችን ሕግ የለም ለማለት አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስለ ሸክም፣ ስለ ኮንክሪት፣ ስለ መሠረት፣ የመሬት መንቀጥቀጥን ስለ መቋቋም፣ ስለ ኤሌክትሪክ መስመርና ስለ አየር መዘዋወር በየክፍሉ ለይቶ የደነገገ ነበር፤ በኋላም በአውሮፓውያን ደረጃ መሠረት ተሻሽሏል። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ታውጆ፣ ማንም ሰው ከከተማው የሕንፃ ሹም ፈቃድ ሳያገኝ እንዳይሠራ፣ ሕንፃዎችም በ«ሀ»፣ በ«ለ» እና በ«ሐ» ምድብ ተከፍለው እንደየደረጃቸው እንዲመረመሩ አዘዘ። ይሁን እንጂ ይኸው አዋጅ በቀጥታ እንዲጸና የተደረገው ከ10,000 በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ሲሆን፣ ከዚያ በታች ለሆኑት ግን ክልሉ እንዲወስን ትቶት ነበር። የሕግ አውጪው አሳብ ትንሹን ከተማ ከአቅሙ በላይ የሆነ ሸክም እንዳያጎብጠው መሆኑ ግልጽ ነው። የዚህ ፍሬ ግን ከተማው ትንሽ በነበረበት ጊዜ ያለ ደንብ ማደጉ ነው፤ አድጎ ደንቡ በደረሰለት ጊዜ መንገዱም ጠቧል፣ ቤቱም ተሠርቶ አልቋል።

በትልልቆቹ ከተሞችም ቢሆን ፕላን በሚጸድቅበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚመረመረው የኮለኑና የቢሙ ነገር፣ የወሰኑና የከፍታው ነገር ነው። ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ፣ ነፋስ በየት እንደሚያልፍ፣ ጣሪያው ምን ያህል እንደሚግል የሚጠይቅ ሹም ማግኘት ቀላል አይደለም። ከዚህ የተነሣ አንዱ ዐይነት ፕላን ለአዲስ አበባም፣ ለጨንቻም፣ ለአርባ ምንጭም እንደ ተሰፋ ልብስ ይታደላል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል፣ ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብለው የሚገኙ ናቸው። ከፍታ በአንድ ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በስድስት ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ የታወቀ ስለሆነ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ከስምንት ዲግሪ አያንስም። ለአንዱ ካቦርት የሚያስፈልገውን ሰው እንደ ሌላው በሸሚዝ አልብሶ መስደድ ይህ ነው።

ስለ ፀሐይ ነገር የጋሞን ምድር ጠባይ ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። ካምባና አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በስድስት ዲግሪ ያህል ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ በቀትር ጊዜ ፀሐይ ከሞላ ጎደል ከአናት በላይ ትውላለች፤ በሰኔ ወር ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወር ወደ ደቡብ ጥቂት ታጋድላለች። እንዲህ በሆነ አገር ቤትን የሚያግለው በመጀመሪያ ጣሪያው ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ጠዋትና ማታ ፀሐይ ፊት ለፊት የምትመታው የምሥራቅና የምዕራብ ግድግዳ ነው። የሰሜንና የደቡብ ግድግዳ ግን በቀላሉ ይጠበቃል። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሃያ የሆነውን የደቡብ መስኮት በታኅሣሥ ቀትር ላይ በሙሉ ለማጥላት ሰባ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ የወጣ የጣሪያ ክፈፍ ይበቃዋል፤ ለሰሜኑ መስኮት ደግሞ በሰኔ ወር አርባ ሳንቲ ሜትር እንኳ ይበቃል። ቤቱን ረዘም አድርጎ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ መዘርጋት፣ መስኮቱን በሰሜንና በደቡብ ማድረግ አንዲት ሳንቲም አያስከፍልም። የሚያስከፍለው መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ማሰብን ብቻ ነው። መሠረቱ ከተቆፈረ በኋላ ግን ቤትን ማዞር በምንም ገንዘብ አይቻልም።

አባቶች ይህን በትምህርት ቤት ሳይማሩት በሥራ ያውቁት ነበር። ለዚህ ምስክር ለመፈለግ ከጋሞ ተራሮች መውጣት አያስፈልግም። የዶርዜ ቤት በቀርከሃ ተሠርቶ፣ በእንሰትና በቀርከሃ ቅጠል ተከድኖ፣ ከፍ ብሎ የሚቆም ስለሆነ የምድጃውን ሙቀት በደጋው ብርድ ጠብቆ ያሳድራል፤ ጢሱም ክዳኑን ከተባይ ይጠብቃል። ሥሩን ምስጥ በበላው ጊዜ ቤቱ አይጣልም፤ የተበላው ተቆርጦ ቤቱ ጥቂት ያጥርና ዘመኑን ይቀጥላል፤ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውረዋል። ዛሬ ሁሉም ሰው ወደ ቀርከሃ ቤት ይመለስ የሚል የለም። ነገር ግን ያ ቤት የአገሩን ብርድ፣ የአገሩን ተባይና የአገሩን ዕቃ አስቦ የተሠራ ነበር። ዛሬ በየከተማው የሚቆመው ባለ ቆርቆሮ የብሎኬት ቤት ደግሞ በደጋ የሚበርድ፣ በቆላ የሚያቃጥል፣ ዝናብ ሲዘንብ ሰው ከሰው የማያስደማምጥ ሆኖ ሲገኝ፣ በዘመናዊነቱ ከመኩራት በፊት ምን እንደ ጎደለው መመርመር ይገባል።

አሁን ነገሩን ወደ ነጋዴው መዝገብ እናምጣው። በቆላ ያለ መጋዘን ኮርኒስ ከሌለው፣ አየርም ካልተዘዋወረበት፣ በቀን የጋለው ቆርቆሮ ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ታች ያወርደዋል። ነቀዝ ደግሞ ሞቅና እርጥብ ያለ ስፍራን እጅግ ይወዳል፤ በእንዲህ ያለ መጋዘን ውስጥ የተከማቸ በቆሎ ዋጋ እስኪወደድ ድረስ ልጠብቅ ያለውን ነጋዴ ባዶ ቅርፊት ያስታቅፈዋል። በደንብ የደረቀ ቡና በእርጥብ ወለል ላይ ቢቀመጥ እርጥበቱን መልሶ ይጠጣል፤ ሻጋታም ይይዘዋል፤ በገበያም ከደረጃው ይወርዳል። ብዙዎቹ መድኃኒቶች ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በላይ እንዳይቀመጡ በማሸጊያቸው ላይ ታትሞ ሳለ፣ በቆርቆሮ ሥር ያለ የመድኃኒት ሱቅ በቀትር ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ቴርሞሜትር ሰቅሎ የሚመለከት ምን ያህል ነው? እነዚህ ሁሉ ኪሳራዎች በመዝገብ ላይ «የተበላሸ ዕቃ» ተብለው ይጻፋሉ እንጂ «የቤት ጥፋት» ተብለው አይጻፉም። ስለዚህም ጥፋተኛው ሳይታወቅ ይኖራል።

ሙቀቱን በማራገቢያና በማቀዝቀዣ መሣሪያ እናሸንፋለን የሚል ቢኖር የመብራት ሒሳቡን ይመልከት። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ በአራት ዓመት ውስጥ እንዲስተካከል ተደርጎ ወጥቷል። አገራችን በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀውን 1,870 ሜጋ ዋት የሚሰጠውን ግልገል ጊቤ ሦስተኛን፣ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን ታላቁን የኅዳሴ ግድብ በመሥራቷ የምትመሰገን ናት። ነገር ግን ኀይሉ በብዛት መመንጨቱ በየቤቱ እንዲባክን ምክንያት ሊሆን አይገባውም። በአንድ ሱቅ ውስጥ ባለ 60 ዋት የሆኑ አሥር አምፖሎች በቀን አምስት ሰዓት ቢበሩ ሦስት ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃሉ፤ በእነርሱ ፈንታ ባለ 9 ዋት አዲሶቹ አምፖሎች ቢሰቀሉ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። መስኮቱ በሚገባ ተከፍቶ ቢሆን ደግሞ በቀን ምንም ባልበራ ነበር። በአንዱ ከተማ የዳነው ኀይል ለሌላው ወፍጮ ይሆናል፤ ለውጭ አገርም ቢሸጥ የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል። መብራት በጠፋ ጊዜም ቢሆን በተፈጥሮው ቀዝቃዛና ብርሃን ያለው ቤት ሥራውን ይቀጥላል፤ በመሣሪያ ብቻ የሚተነፍሰው ግን ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይቆማል።

እዚህ ላይ ስለ ቤት ጽናት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ኀይል የሚቆጥብ ቤትና አደጋን የሚችል ቤት የአንድ እናት ልጆች ናቸውና። የጋሞ ከተሞች የሚገኙት በስምጥ ሸለቆው ውስጥና በዳርቻው ነው። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷት እንደ ነበረ፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ በተሰማው መንቀጥቀጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ጥሎ እንደ ወጣ የማይዘነጋ ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጎረቤት በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ውስጥ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማዳን ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ደጋጎች ነበሩ። የሕንፃ ደንብ ተራራን አያቆምም። ነገር ግን በየትኛው ተዳፋት ላይ ቤት እንደማይሠራ፣ የጣሪያ ውኃ ወደየት እንደሚሄድ፣ ከግድግዳው ጀርባ የተቆረጠው አፈር በምን እንደሚደገፍ ሊወስን ይችላል። አንድ መቶ ካሬ ሜትር የሆነ ጣሪያ አሥር ሚሊ ሜትር ዝናብ በዘነበ ጊዜ አንድ ሺህ ሊትር ውኃ ያወርዳል። ይህ ውኃ በአሸንዳ ተይዞ በበርሜል ቢጠራቀም ሀብት ነው፤ በጎረቤት መሠረት ሥር እንዲገባ ቢለቀቅ ግን ጠላት ነው።

ሌሎች አገሮች ወደዚህ ደንብ የመጡት በወደዱ ጊዜ ሳይሆን በቸገራቸው ጊዜ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ድንገት በናረ ጊዜ አሜሪካኖች ቤታቸው ምን ያህል ኀይል እንደሚበላ መቁጠር ጀመሩ፤ በ1975 ዓ.ም. መሐንዲሶቻቸው የመጀመሪያውን የሕንፃ ኀይል ደረጃ አወጡ፤ የካሊፎርኒያ ግዛትም በ1978 ዓ.ም. ደንቡን በግዴታ ሥራ ላይ አዋለች። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ በ2011፣ ሞሮኮ በ2014፣ ሩዋንዳ ደግሞ በ2019 በየአገራቸው ሁኔታ መሠረት እንዲህ ያለ ደንብ አውጥተዋል። ሞሮኮ አገሩን በአየር ጠባዩ በየክልሉ ከፋፍላ ለእያንዳንዱ የተለየ መለኪያ መስጠቷ ደጋና ቆላ በአንድ ቀን ጉዞ ለሚገናኙባት ለጋሞ በተለይ ሊታይ የሚገባው ነው።

ነገር ግን ሕግ ማውጣት ብቻ ግብ እንዳልሆነ የቱርክ አገር መከራ ያስተምራል። ቱርክ ከ1999 መንቀጥቀጥ በኋላ ጥሩ የሕንፃ ሕግ ነበራት። ሆኖም ያለ ፈቃድና ከሕግ ውጭ ለተሠሩ ሕንፃዎች በ2018 ምሕረት አድርጋ ገንዘብ ከፍለው ሕጋዊ እንዲሆኑ ፈቀደች። በጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር መሬት በተንቀጠቀጠ ጊዜ በዚያች አገር ከ50,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። በመደርደሪያ ላይ ያለ ሕግ ቤትን አይደግፍም፤ ቤትን የሚደግፈው በአናጢውና በግንበኛው እጅ የገባ ሕግ ነው።

ስለዚህ ለዚህ አሳብ የሚቀርቡትን ተቃውሞዎች በቅን ልቡና መመልከት ተገቢ ነው። የመጀመሪያው ተቃውሞ «ዋጋ ይጨምራል» የሚል ነው። በከፊል እውነት ነው። ኮርኒስ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከሁለት ወገን በሰባ ሰባ ሳንቲ ሜትር የወጣ ክፈፍ ርዝመቱ አሥር ሜትር ለሆነ ቤት አሥራ አራት ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ይጨምራል። ሲሚንቶና ቆርቆሮ በተራራማው መንገድ ተጭኖ ካምባ እስኪደርስ ዋጋው ከአዲስ አበባው እንደማይገናኝም የታወቀ ነው። ነገር ግን የቤት አቅጣጫ፣ የመስኮት ስፍራ፣ የግድግዳ በኖራ መቀባት፣ በጣሪያና በኮርኒስ መካከል በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ የአየር መተላለፊያ ከሞላ ጎደል በነጻ የሚገኙ ናቸው። እንዲያውም ዕቃ በውድ የሚደርስበት ከተማ ሁለት ጊዜ መሥራት የማይችል ከተማ ስለሆነ፣ ከሌላው ይልቅ አንድ ጊዜ አስተካክሎ መሥራት ይገባዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «እያንዳንዱ ባለ ቤት ጥቅሙን ካወቀ ያለ ሕግ ራሱ ያደርገዋል» የሚል ነው። ይህ ባለ ቤቱና ተጠቃሚው አንድ ሰው ሲሆኑ ይሠራ ይሆናል። በንግድ ቤት ግን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ሌላ፣ የሚከራየው ሌላ ነው። አከራዩ ኮርኒሱን ቢያስቀር ትርፉ የእርሱ ነው፤ የመብራቱን ሒሳብና የተበላሸውን ዕቃ የሚከፍለው ግን ተከራዩ ነው። ተከራዩም ቁልፉን ሲቀበል ግድግዳውን እንጂ ሙቀቱን አያየውም። ከዚህም ሌላ አንዱ ነጋዴ አስተካክሎ ቢሠራና ኪራዩን ጥቂት ከፍ ቢያደርግ፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ በርካሽ ሠርቶ ተከራዩን ቢነጥቀው፣ ጥሩ የሠራው ተቀጣ ማለት ነው። ደንቡ ለሁሉም እኩል ሲሆን ግን ሐቀኛው ነጋዴ በሐቀኝነቱ አይከስርም። ሚዛን በየገበያው በማኅተም እንዲረጋገጥ ነጋዴው ራሱ የሚፈልገው ለምንድን ነው? ለዚሁ አይደለምን?

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብድ ነው፤ እርሱም «ደንብ በበዛ ቁጥር ጉቦ ይበዛል፤ ትንሽ ከተማም መርማሪ የሚሆን መሐንዲስ የላትም» የሚል ነው። ይህን የሚናገር ሰው የሚናገረውን የሚያውቅ ነው። መድኃኒቱ ግን ደንብን መተው ሳይሆን ደንብን አጭርና የሚለካ ማድረግ ነው። «ሕንፃው ለኀይል ቁጠባ ተስማሚ ይሁን» ብሎ የተጻፈ አንቀጽ ለሹሙ ፈቃድ የተተወ ስለሆነ የጉቦ በር ይከፍታል። «የደቡብ ክፈፍ ከሰባ ሳንቲ ሜትር አይነስ» ብሎ የተጻፈ ግን በግንበኛው ሜትር ሊለካ ይችላል፤ ባለ ቤቱም፣ ጎረቤቱም፣ ሹሙም አንድ ዐይነት ቁጥር ያነባሉ። በሜትር የሚለካ ነገር ለክርክር አይመችም፤ ለክርክር የማይመች ነገር ደግሞ ለጉቦ አይመችም።

እንግዲህ ለካምባና እርሷን ለሚመስሉ የዞኑ ከተሞች ሊታሰብበት የሚገባው ረጅም መጽሐፍ ሳይሆን በአንድ ወረቀት ላይ የሚያልቅ፣ በአማርኛና በጋሞኛ ታትሞ በማዘጋጃ ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ደንብ ነው። ፍሬ አሳቡም እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል።

አንደኛ፤ የከተማዋ መሬት በተዳፋቱና በጎርፍ መውረጃው ተመርምሮ ቤት የማይሠራበት ስፍራ በፕላን ላይ በቀይ ይከለል።

ሁለተኛ፤ የቦታው ቅርጽ በሚፈቅድበት ሁሉ ቤት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፤ ዋና መስኮቶች በሰሜንና በደቡብ ይሁኑ፤ እያንዳንዱም ክፍል አየር ገብቶ የሚወጣበት በሁለት ወገን ክፍት ይኑረው።

ሦስተኛ፤ የክፈፉ ልክ በሳንቲ ሜትር ይወሰን፤ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ሱቅና መጋዘን አዲስ ፈቃድ አያግኝ።

አራተኛ፤ ለደጋው ቀበሌና ለቆላው ቀበሌ ደንቡ ይለይ፤ በቆላ የአየር መዘዋወር፣ በደጋ ደግሞ ሙቀትን የሚጠብቅ ግድግዳና የሚገጥም በር ይበልጥ ይጠየቅ።

አምስተኛ፤ የጣሪያው ዕንጨት ከግድግዳው ጋር በሽቦ ወይም በፌሮ ይታሰር፤ የብሎኬት ግድግዳም በላይና በታች በኮንክሪት መቀነት ይያዝ። ይህ ለነፋስም ለመንቀጥቀጥም አንድ መድኃኒት ነው።

ስድስተኛ፤ እያንዳንዱ የንግድ ሕንፃ አሸንዳና የውኃ ማጠራቀሚያ ይኑረው።

ሰባተኛ፤ አቅም የሌለው ሰው ለመኖሪያ የሚሠራው ትንሽ ቤት ከስፍራ ምርጫና ከጣሪያ ማሰር በቀር ከሌላው ግዴታ ነጻ ይሁን፤ ምክር ግን በነጻ ያግኝ። ደንቡ ድሀውን ከከተማ ለማስወጣት የሚያገለግል በትር እንዳይሆን ይህ አንቀጽ ከሁሉ በላይ መጠበቅ አለበት።

ይህን ለመፈጸም የሚያስፈልገው ዕውቀት ሩቅ አይደለም። በ1979 ዓ.ም. በውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት ተጀምሮ ያደገው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሲቪል መሐንዲሶችን የሚያስተምር ስለሆነ፣ ተማሪዎቹ ለመመረቂያ ከሚሠሩት ጥናት አንዱን ክፍል ለዞኑ ትንንሽ ከተሞች ቢያውሉት ለእነርሱ ልምምድ፣ ለከተሞቹ ጥቅም ይሆናል። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶችም ግንበኛውንና አናጢውን በጥቂት ሳምንት ትምህርት ደንቡን ሊያስጨብጡት ይችላሉ። ባንኮች ለሕንፃ ብድር ሲሰጡ የይዞታ ማረጋገጫውን ብቻ ሳይሆን ደንቡ መጠበቁንም ቢጠይቁ፣ መያዣቸው የሆነው ቤት ዘመኑን ጠብቆ ስለሚቆይ ራሳቸውን ይጠቅማሉ።

ከሁሉ በፊት ግን መጀመር የሚገባው ነጋዴው ነው። በትንሽ ከተማ ውስጥ ሌላው ሰው አይቶ የሚከተለው የነጋዴውን ቤት ነው። ነጋዴው ቆርቆሮ ባለበሰ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ቆርቆሮ አልብሷል፤ ነጋዴው ብሎኬት በጀመረ ጊዜ ሰፈሩ ብሎኬት ጀምሯል። ስለዚህ የካምባ ነጋዴዎች ማዘጋጃ ቤቱ እስኪያስገድዳቸው ሳይጠብቁ፣ በሚቀጥለው በጋ ከሚሠሩት ሱቆችና መጋዘኖች ጥቂቶቹን በዚህ ልክ ቢሠሩና ሙቀቱን ከአሮጌው ጋር በቴርሞሜትር ቢያስተያዩ፣ ያ ቁጥር ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ሰውን ያሳምናል። የንግድ ምክር ቤቱም ይህን ሥራ አስተባብሮ፣ ውጤቱን ይዞ ለወረዳው አስተዳደርና ለዞኑ ቢያቀርብ፣ ክልሉም ለትንንሽ ከተሞች የሚሆነውን ደንብ እንዲወስን በማስረጃ የተደገፈ ጥያቄ ይሆናል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለእህል ብቻ አይደለም፤ ለከተማም ይሆናል። ልዩነቱ የፈሰሰ እህል ቢያንስ ከአፈር ጋር ተለቅሞ መመለሱ ነው። ተጣሞ የቆመ ከተማ ግን አይለቀምም፤ ልጆችና የልጅ ልጆች ይኖሩበታል፤ በየበጋው ይግሉበታል፤ በየክረምቱም በስጋት ያድሩበታል። ካምባ ገና በመሥራት ላይ ናት። ሜትሩ ገና በግንበኛው እጅ ሳለ ልኩን መንገር የሚገባው ዛሬ ነው።